እጅ ያወጣ ሰው ማታ የት ያድራል?

ነገሩ የተጀመረው በማኪያቶ ውርርድ ነው።

ግንቦት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሥራ መልስ እንደ ልማዳችን አራታችን አንዲት ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። ወሬያችን የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ነበሩ። በኮሮና ጊዜ ሕዝቡ ቤቱ ተዘግቶበት ሳለ በእሳቸው መሥሪያ ቤት ግብዣ ይደረግ እንደነበረ ታውቆ፣ ፖሊስም እሳቸውን ጭምር ቀጥቷቸው፣ ሰውየው በአገራቸው ክፉኛ ተጠልተዋል። በዋዜማው የገዛ ፓርቲያቸው የፓርላማ አባላት «ይቀጥሉ ወይስ ይውረዱ?» ብለው በምስጢር ድምፅ ሰጥተውባቸዋል። 211 ይቀጥሉ፣ 148 ይውረዱ አሉ።

ሦስታችን «በቃ፣ አለቀላቸው!» አልን። ከአሥር የራሱ ሰዎች አራቱ «አንፈልግህም» ያሉት መሪ በየትኛው ወንበር ይቀመጣል? አራተኛው ጓደኛችን ግን ሳቀብን። «ድምፅ ተቆጥሮ አሸንፏል እኮ! ከእንግዲህ የሚነካው የለም። ይልቅ እኔን የሚያሳዝኑኝ 148ቱ ናቸው» አለ። ተወራረድን። ጆንሰን እስከ አዲስ ዓመት ከሥልጣን ከወረዱ እሱ የሳምንት ማኪያቶ ሊከፍል፣ ካልወረዱ እኛ ልንከፍል።

ወር አልሞላም። ሰኔ 28 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክና የጤና ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ ለቀቁ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ50 በላይ ሚኒስትሮችና ረዳቶቻቸው ተከተሏቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሰኔ 30 ጆንሰን እንደሚለቁ አስታወቁ። ጓደኛችን ግን እጁን አልሰጠም። «ገና ቢሮውን አላስረከበም፤ ውርርዱ እስከ አዲስ ዓመት ነው» ብሎ ክረምቱን ሙሉ ተሟገተን። ሰውየው ቢሮውን ለሊዝ ትረስ ያስረከቡት ጳጉሜን 1 ቀን ነው። ጓደኛችን በአምስት ቀን ተሸነፈ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ውርርዱን ካሸነፍን በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነን። እሱ ከሁላችንም በላይ ፖለቲካ የሚከታተል ሰው ነው። እንዲያ የሚያውቅ ሰው እንዴት ተሳሳተ? እኛስ ምን አውቀን ነው ያሸነፍነው?

*

ጓደኛችን ሲከራከረን በምሳሌነት ያመጣብን 1993 ዓ.ም.ን ነበር።

ያኔ አራታችንም ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን። ከዚያ ሰሞን ትዝ የሚለን ፖለቲካው ሳይሆን ቃላቱ ነው። «አንጃ»፣ «ተሃድሶ»፣ «መበስበስ»፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ቦናፓርቲዝም»። ከመካከላችን አንዷ ቦናፓርቲዝም አዲስ የገባ በሽታ መስሏት እናቷን ክትባት እንዳለው ጠይቃ ነበር። ራዲዮኑ ዜና ሲጀምር ትልልቆቹ ወሬ ያቆማሉ፤ ዜናው ሲያልቅ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይንሾካሾካሉ። «ተሰነጠቁ እኮ!» «ማን?» «እነሱው ናቸዋ!»

ስናድግ የገባን ይህ ነው። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ሰኔ 1992 ላይ በተኩስ ማቆም፣ ታኅሣሥ 1993 ላይ በአልጀርሱ ስምምነት ተዘጋ። በጦርነቱ አያያዝና አጨራረስ የተከፋው ሰው ብዙ ነበር። ቅሬታው ግን መንገድ ላይ ብቻ አልቀረም፤ በራሱ በሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። «መለስ ለኤርትራም ለውጭ ጫናም ለስላሳ ሆኗል» የሚል ወገን ተነሣ። አቶ መለስ በበኩላቸው ስለ ቦናፓርቲዝምና ስለ መበስበስ ጽሑፍ ይዘው ቀረቡ። ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ድምፅ ሲሰጥ አቶ መለስ ያሸነፉት በጣት በሚቆጠር ልዩነት ነው። መጋቢት ላይ 12ቱ ተቃዋሚዎች ስብሰባውን ረግጠው ወጡ።

የወጡት እንዲህ በቀላሉ የሚገፉ ሰዎች አልነበሩም። የድርጅቱ ምክትል ሊቀመንበር ተወልደ ወልደማርያም፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ፣ የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት ገብሩ አስራት ነበሩበት። ዛሬ ሆነን ስናየው ከሁሉ የከፋው ስሕተታቸው እግራቸው ነው። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ድምፁን ይዞ ነው የሚወጣው። ውስጥ የቀሩት አብላጫ ሆኑ፤ አብላጫ ሆነውም 12ቱን ከአባልነት አገዱ። በጠባብ ልዩነት ያሸነፈ መሪ በአንድ ቀን ሰፊ ልዩነት አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው የሆነው። አቶ ገብሩ ከክልሉ ፕሬዚዳንትነት ተነሡ። ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ጻድቃን ገብረተንሣይና የአየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል አበበ ተክለሃይማኖት ከሥራ ተሰናበቱ። ግንቦት 4 የደኅንነት ኃላፊው ክንፈ ገብረመድኅን ተገደሉ። አቶ ስዬ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ግን እዚያው ዳግም ተያዙ። ወዲያው ሕጉ ተሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና ተከለከለ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሰኔ ላይ ከኢሕአዴግ ምክር ቤት ስብሰባ ወጡ፤ መስከረም 1994 ላይ ከፕሬዚዳንትነቱም ተሰናበቱ። በኋላም በ1997 ምርጫ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ሲገቡ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም አጡ።

አቶ መለስስ? ነሐሴ 2004 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ 11 ዓመት በሥልጣን ቆዩ። ለጓደኛችን «ድምፅ አሸነፈ» ማለት ይህ ነው። በዚህ መስፈሪያ ጆንሰንን ሰፈራቸው። ሰፋሪው አልተሳሳተም፤ እህሉ ሌላ ነበር እንጂ።

*

እንግዲህ የእንግሊዞቹን እህል እንየው።

ጆንሰን ላይ ድምፅ የሰጡት 148 ሰዎች በማግስቱ ምን ሆኑ? ምንም። ቤታቸው አደሩ፤ ጠዋት ተነሥተው ፓርላማ ገቡ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ድምፁ ምስጢር ስለሆነ ማን ምን እንዳለ እንኳ ራሱ ካልተናገረ በቀር አይታወቅም። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ፓርላማው ነው እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደሉም።

ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። ማርጋሬት ታቸር ሦስት ምርጫ በተከታታይ ያሸነፉ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ግብር አምጥተው ሕዝቡ አደባባይ ወጣባቸው፤ በአውሮፓ ጉዳይም ከገዛ ሚኒስትሮቻቸው ጋር ተቃቃሩ። ማይክል ሄዝልታይን የሚባሉ የፓርቲያቸው ሰው በግልጽ ተነሥተው ተወዳደሯቸው። ታቸር 204 ለ152 አሸነፉ። ነገር ግን የፓርቲው ደንብ አብላጫ ብቻ ሳይሆን የተወሰነ ልዩነትም ይጠይቅ ነበርና አራት ድምፅ ጎደላቸው። ሚኒስትሮቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ሲያማክሩ አብዛኞቹ «አያሸንፉም» አሏቸው። በሁለተኛው ቀን መልቀቃቸውን አስታወቁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። ታቸርን በግላጭ የተፎካከሩት ሄዝልታይን ምን ሆኑ? በሚቀጥለው ጠቅላይ ሚኒስትር በጆን ሜጀር ካቢኔ ሚኒስትር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1995 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አንዱ መሪውን ተቃውሞ ካቢኔ ገባ፤ ሌላው መሪውን ተቃውሞ ወኅኒ ወረደ። የሁለቱ አገር ልዩነት የሕዝቡ ብሶት ማነስና መብዛት ሳይሆን ይኸው ነው።

«የተጠላ መሪ ከፓርቲው ውስጥ ተቃውሞ ሲነሣበት ይተርፋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው መሪውን ነው። ብልጥ ነው? ደካማ ነው? ጦሩ ከማን ጋር ነው? እኛ ግን እንላለን፣ መሪውን ተዉትና ተቃዋሚውን እዩት። እጅ ያወጣ ሰው ማታ የት ያድራል? ደመወዙን ከማን ይቀበላል? የሚኖርበት ቤት የማን ነው? ለዚህ መልስ ካገኛችሁ የመሪውን ዕድሜ በግምት ማወቅ ትችላላችሁ።

በእርግጥ ሌላም ነገር አለ። ቁልፉ በማን እጅ ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባላት መሪያቸውን ጄረሚ ኮርቢንን 172 ለ40 «አናምንህም» አሏቸው። ኮርቢን አልወረዱም። የመረጧቸው የፓርላማ አባላቱ ሳይሆኑ ተራው የፓርቲው አባል ነበርና ዳግም ወደ እሱ ሄዱ፤ ወደ 62 በመቶ ድምፅ አግኝተው ተመለሱ። የፓርላማ አባላቱ አመጹ፣ ግን ቁልፉ በእነሱ ኪስ አልነበረም። በ1993ም ነገሩ ይመሳሰላል። 12ቱ በማዕከላዊ ኮሚቴው ውስጥ ብርቱ ነበሩ፤ የደኅንነቱና የሌሎቹ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ቁልፍ ግን ከሊቀመንበሩ ጋር ቀረ።

የእኛው አገር ሁለተኛ ምሳሌም ይህንኑ ይነግረናል። ከኅዳር 2008 ጀምሮ አደባባዩ ሲናወጥ በኢሕአዴግ ውስጥ የተነሡት ሰዎች እንደ 12ቱ ባዶ ሜዳ ላይ አልቆሙም። ኦሕዴድና ብአዴን የየራሳቸው ክልል፣ የየራሳቸው ምክር ቤት፣ ከኋላቸውም የተቆጣ ወጣት ነበራቸው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በራሳቸው ጥያቄ መልቀቂያ አስገቡ። መጋቢት ላይ የግንባሩ ምክር ቤት በምስጢር ድምፅ ሰጠ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ አግኝተው ሊቀመንበር ሆኑ። እጅ ያወጡት ሰዎች ማታ የሚያድሩበት ነበራቸው።

*

አሁን ወደ ውርርዱ እንመለስ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ስንከራከር ያልተናገርነው ነገር አለ። አራታችንም ስለምናውቀው ማንም አያነሣውም።

ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አራታችንም የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ነበርን። ሊቀመንበሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማይኩን ከእጁ አያወጣም። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት የሚነበበው የእሱና የጓደኞቹ ግጥም ብቻ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ጉዞ ላይ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ክበቡ ውስጥ የሚወደው ሰው ነበር ብንል ውሸት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት 14 ሆነን ተሰብስበን «በሚቀጥለው ስብሰባ እናወርደዋለን» ብለን ተስማማን። ብርጭቆ እያጋጨን ነበር የተማማልነው። ክበቡ 20 አባል ነበረው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው።

ስብሰባው ደረሰ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የሒሳብ መምህራችንም እሳቸው ናቸው። ሊቀመንበሩ ከጎናቸው ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው «ሊቀመንበሩ ይነሣ የሚል እጁን ያውጣ» አሉ።

አንድ እጅ ወጣ።

የዚህ የማኪያቶው ጓደኛችን እጅ ነው። እጁን እንዳነሣ ዞር ብሎ አየን። እኛ ሦስታችን ወለሉን እናያለን። አንዳችን ግጥሙ ሰኞ ሊነበብለት ወረፋ ተይዞለታል። አንዷ ስሟ የጉዞው ዝርዝር ላይ ገብቷል። ሦስተኛው ሒሳብ ደካማ ነው። ሌሎቹም አሥሩ እንዲሁ የየራሳቸው ነገር ነበራቸው። መምህሩ «አንድ» ብለው ጻፉ። ለክበቡ አንድነት ሲባል ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት ከክበቡ ወጣ። ሊቀመንበሩ እስኪመረቅ ድረስ ማይኩን ይዞ ቆየ። እኛ ላንጋኖ ሄድን።

ትልቁ ፖለቲካ ውስጥም እንዲህ ያለ እጅ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2009 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ተጠልተው፣ ፓርቲያቸው በምርጫ እየተሸነፈ ሳለ፣ ጄምስ ፐርኔል የሚባሉ ወጣት ሚኒስትር «ይውረዱ» ብለው ጽፈው ከካቢኔው ወጡ። ሌሎቹ ታላላቅ ሚኒስትሮች ይከተላሉ ተብሎ ተጠበቀ። ማንም አልተከተለም። ብራውን ተረፉ። በዓመቱ ግን ፓርቲው ምርጫውን አጣ። ልብ በሉ፣ ለንደንም ውስጥ ቢሆን ድምፁ ምስጢር ካልሆነና የሚከተል ሰው ከሌለ አንድ እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጓደኛችን ጆንሰን ይተርፋል ብሎ የተወራረደው ፖለቲካ ስላላወቀ አይደለም። እጅ ማውጣት ምን እንደሚያስከፍል ከአራታችን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። «የሚያሳዝኑኝ 148ቱ ናቸው» ያለው ለዚህ ነበር። እኛ ደግሞ «በቃ፣ ይወርዳል» ለማለት የቸኮልነው እጅ አውጥተን ስለማናውቅ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ መሪ ማውረድ ቀላል ነው።

*

«ታዲያ የእንግሊዞቹ ይሻላል ማለታችሁ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ጓደኛችንም ይህን ሲጠይቀን ቆይቷል። መልሳችን ደረቅ «አዎ» አይደለም። ወግ አጥባቂዎቹ መሪ ማውረድ በጣም ቀለላቸው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 እስከ ጥቅምት 2022 ድረስ አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሲሾሙ አየን። ሊዝ ትረስ የቆዩት 49 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ሕዝቡ 121 ወንበር ብቻ ሰጥቶ ሸኛቸው። በየወሩ ሊቀመንበር የሚለውጥ ክበብም ግጥም አያነብም።

ሌላው መንገድ ግን የባሰ ዕዳ አለው፤ ዕዳው የሚመጣው ቆይቶ ስለሆነ አይታይም። በ1993 የተረፈው መሪ ብቻ አይደለም፤ ዝምታም አብሮ ተርፏል። ከዚያ በኋላ በዚያ ፓርቲ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የ12ቱን ዕጣ ያውቃል። በግምገማ ላይ የሚናገረው መናገር ያለበትን ሳይሆን የማያስከፍለውን ነው። ለውስጥ ቅሬታ በር ሳይኖረው የኖረ ግንባር፣ ቅሬታው አንድ ቀን ግድግዳውን ይዞ ወጣ። በ2012 ኢሕአዴግ ራሱ ፈረሰ። መሪው ከተቃውሞ መትረፉ ፓርቲው ተረፈ ማለት አይደለም። አንዳንዴም ተቃራኒው ነው።

ስለዚህ ስለ የትኛውም ፓርቲ፣ ስለ ማኅበርም ስለ ዕድርም ቢሆን፣ «መሪው ይተርፋል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ድምፁ በምስጢር ነው ወይስ በእጅ? ቁልፉ በማን ኪስ ነው? ተቃውሞ የተሸነፈ ሰው በማግስቱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል ወይ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የተሸነፈ ተቃዋሚ በሰላም ቤቱ የሚያድርበት ቤት፣ መሪው ቢወድቅም ቢነሣም ቤቱ ይቆማል።

ውርርዱስ? መስከረም 2015 መጀመሪያ ላይ ጓደኛችን የሳምንቱን ማኪያቶ ሊከፍል ቦርሳውን አወጣ። ከመካከላችን አንዷ ቀድማ ሒሳቡን ከፈለች። «አሸንፋችኋል እኮ፣ ምን ነካችሁ?» አለ። መልስ አልሰጠነውም። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እኛው ከፈልን። አራተኛው ቀን ላይ ስኳሩን እያማሰለ ፈገግ አለና «ላንጋኖ ግን ደስ ይል ነበር?» ሲል ጠየቀን።